ለቡዋካም የተሠራው ትሪ

ትሪው የእሷ ነበር። ቡዋካም ይህን ነገር ለማንም ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም፤ ግን አንሶላ ስትዘረጋም፣ ደረጃ ስትጠርግም፣ ገበያ ስትወርድም አብሯት ይዞራል። ከዓመታት በፊት ቪየንቲያን ሆስፒታል ማህፀኗን አውጥተውላት፣ ተራራ ለተራራ በአውቶቡስ ስትንገላታ ውላ ሉዋንግ ፕራባንግ ስትገባ፣ እናቷ በረንዳው ላይ ትሪውን ሠርታ ጠበቀቻት። የሙዝ ቅጠሉን እንደ ረጅም ቆብ ጠቅልላ፣ ቢጫ አበባውን ዙሪያውን ሰክታ፣ ነጩን የጥጥ ክር በቀርከሃ ስንጥር ላይ አንጠልጥላ። በእነሱ እምነት ሰው ሠላሳ ሁለት ነፍስ አለው፤ ከሆስፒታል ሲወጣ ሁሉም አብረውት አይመለሱም። ከሠላሳ ሁለቱ አንዷ ኮሪደር ላይ ትቀራለች፣ አንዷ አውቶቡስ ውስጥ ታንቀላፋለች። ካልተጠራችና የእጁ አንጓ ላይ በክር ካልታሰረች ሰውየው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሠራል፤ ሙሉ ግን አይሆንም። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። እንቁላሉ ተቀቅሎ ነበር። ነፍስ ጠሪው አባባ ፔንግ ነጠላ ሻሻቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ደርሰው ነበር። ከዚያ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ቱሪስት በሩ ላይ ቆመ። ሌላ ቦታ የተያዘላቸው ሥርዓት ተሰርዞ አስጎብኚው የሚያደርገው ጠፍቶት ነበር። ታናሽ ወንድሟ ቶንሳይ ወጥቶ አነጋገረውና ተመልሶ መጣ። «እቴ፣ ለዛሬ ብቻ ነው። ትሪው እንደሆነ ተዘጋጅቷል። ያንቺን ነገ እናደርገዋለን» አላት። ደክሟት ነበርና እሺ አለች። እንዲያውም የሚያስር እጅ አነሰ ተብሎ፣ ስፌቷ ገና ሳይደርቅ ተንበርክካ ለማታውቃቸው ሰዎች ክር አሰረች። በማግስቱ ሌላ ሚኒባስ መጣ።

እናታቸው ያን ዓመት ዝናቡ ሳይወጣ ሞተች። ቡዋካም በቀብሩ አላለቀሰችም። ሰው «ጠንካራ ናት» አለ። እሷ ግን ጥንካሬ እንዳልሆነ ታውቀዋለች፤ እንባው ሊመጣ ሲገባው አልመጣም፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ሩዙም ቃሪያውም አፏ ውስጥ አንድ ዓይነት ነው። ቤቱ ፔንሲዮን ሆነ፤ በሩ ላይ በሦስት አገር ፊደል የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ በየማታው ነፍስ ይጠራል፣ ክር ይታሰራል፣ እራት ይበላል። በእነሱ ደንብ የእናት ቤት የሴት ልጅ ነው፤ ሴት ልጅ ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች። ቤቱን ግን አልጠየቀችም። ወንድሟ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ይኑርበት ብላ ዝም አለች። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትሪውን የምትሠራው እሷ ናት፤ ማታ ተንበርክካ የምታስረውም እሷ ናት። ከጀርመን፣ ከኮሪያ፣ ከአውስትራሊያ ለመጣ ሁሉ አስራለች። የእሷ አንጓ ባዶ ነው።

በዚህኛው ቀን ጠዋት የላይኛውን ክፍል ልታጸዳ ወጣች። ባልና ሚስት ናቸው ያደሩበት፤ ገና በጨለማ ተነሥተው የመነኮሳቱን የምጽዋት ሰልፍ ፎቶ ሊያነሱ ሄደዋል። አልጋው ተገልብጧል። መታጠቢያው ጠርዝ ላይ የጥፍር መቁረጫ አለ። የቆሻሻ ቅርጫቱን ስታነሣ ትናንት ያሰረቻቸውን ክሮች አየቻቸው፤ ተቆርጠው፣ ከባዶ የሳሙና መጠቅለያና ከጥጥ ጋር ተቀላቅለው። አዲስ ነገር አይደለም። ቢያንስ ሦስት ቀን አስቀምጡት፣ ከዚያም ፍቱት እንጂ አትቁረጡት ብሎ አስጎብኚው በየማታው ይነግራቸዋል፤ እነሱም በደስታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲታጠቡ ግን እርጥብ ክር ያሳክካል። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ ትናደድ ነበር። አሁን ክሮቹን አንድ በአንድ ትለቅምና ኪሷ ትከታቸዋለች፤ ማታ ማታ ወይም ሲመቻት ከገዳሙ አጥር ጥግ ያለው ትልቅ ዛፍ ላይ ታስራቸዋለች። ዛፉ ከእሷ የበለጠ ክር አለው።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ከታች በረንዳው ላይ የወንድሟ ሚስት ማኒቮን ከአስጎብኚው ጋር ቡና ትጠጣለች። ድምጿን የመቀነስ ልማድ የላትም።

«እንግዳው ኢንተርኔት ላይ የጻፈውን አንብብልኝ እስቲ እንደገና» አለችው።

«‹ምግቡ ጥሩ ነው፣ ቤቱ ያምራል። ክሩን ያሰረችልኝ ሴትዮ ግን ለቅሶ ቤት የተቀመጠች ነው የምትመስለው› ይላል።»

«ጉድ አትልም? በአደባባይ!»

«ማኒ፣ ሁለት ሰው ነው እንዲህ የጻፈው። ከስንቱ ሁለት።»

«ሁለት ይበቃል። ከነገ ጀምሮ የእህቴ ልጅ ትመጣለች። ፈገግ ስትል ጉንጯ ይሰረጉዳል። እትዬ ቡዋካም ወጥ ቤት ትሁን፤ ወጥ ቤት ማንም ፊት አያይም።»

አስጎብኚው ሳቀ። ቡዋካም ላይ ሆና አንሶላውን ጎትታ አወለቀች። ቃሉ እንዲወጋት ጠበቀች፣ አልወጋትም። የወለሉን ውሃ ጨምቃ፣ አዲስ ፎጣ አጥፋ፣ በሩን ዘግታ ወረደች። በረንዳው ላይ ሲተላለፉ ማኒቮን «እትዬ፣ አበባ ስትገዢ የዋለውን፣ ርካሹን ይሁን፣ እንዳትረሺ» አለቻት። «እሺ» አለች።

ገበያው በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ መሬት ላይ ተዘርግቷል። የወንዝ ዓሣ፣ የደረቀ የጎሽ ቆዳ፣ በቅርጫት የታፈነ እንቁራሪት፣ የሙዝ ቅጠል እሽግ። ፈረንጆቹ ካሜራቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንቁራሪቱ ዘንድ ሲደርሱ ይቆማሉ። አባባ ፔንግን ትምባሆ ሻጯ አጠገብ ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ዛሬ ፂማቸውን ተላጭተዋል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ መነኩሴ ሆነው ቆይተው በኋላ ገዳሙን ትተው ያገቡ ሰው ናቸው፤ የዚህ ሰፈር ሙሽራ፣ አራስ፣ ወታደር፣ በሽተኛ ሁሉ ነፍሱ የተጠራችው በእሳቸው አፍ ነው።

«ቡዋካም፣ ዛሬ የመጨረሻዬ ነው» አሏት።

«የምን የመጨረሻ?»

«ልጄ ወደ ፓክሴ ልትወስደኝ ነው። ነገ ጠዋት አውቶቡስ አለ። ጉልበቴ ደረጃ እምቢ ካለ ቆየ።»

«ታዲያ ማታ ማታ ማን ሊጠራ ነው?»

ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው። «እኔው ነኛ! ወንድምሽ ድምፄን በስልኩ ቀድቶታል። በድምፅ ማጉያ ይለቁታል አሉ። አንድ ልጅ ነጭ ልብስ ለብሶ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እኔ ፓክሴ ተኝቼ እዚህ እሠራለሁ፣ ከዚህ በላይ ጡረታ አለ?»

«አጭሩን ጥሪ ነው የቀዳው?»

«አጭሩን ነዋ። ረጅሙን ማን ይቀመጥለታል? እግራቸው ይደነዝዛል፣ ራት ይቀዘቅዛል።»

ቡዋካም ቅርጫቷን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። «ረጅሙን አሁንም ያውቁታል?»

«አፌ ይሆናል እንጂ የረሳው ሆዴ አልረሳውም» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው አንጓዋ ላይ ወረደ፤ እሷም እጇን ቅርጫቱ ስር ከተተች። «እናትሽ ያን ለት…» ብለው ጀመሩ።

«ይተውት አባባ። ትምባሆዎን ይግዙ።»

አበባ ሻጯ ስታያት ገና ከሩቅ የዋለውን እቅፍ ማንሣት ጀምራለች። ይህች ሴት ምላሷ አያርፍም። «ለፈረንጅ አይደል? እንኪ፣ ትናንትና የተቀጠፈ ነው። ለራስሽ ቢሆን የዛሬውን እሰጥሽ ነበር፤ ግን አንቺ መቼ ለራስሽ ገዝተሽ ታውቂያለሽ!» ቡዋካም የዋለውን አየችው። ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። ማታ በአምፖል ብርሃን ማንም አይለየውም፤ ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ለይቶት አያውቅም። ከጎኑ የዛሬው ጠል እንዳረፈበት ተከምሯል። እጇን ወደዚያ ሰደደች። ሻጯ አፏን ከፍታ ቀረች። «ምን ተገኘ? አገባሽ እንዴ?» ቡዋካም ዋጋውን ስትሰማ አልተከራከረችም፤ ሻጯ እንዲያውም ደነገጠችና አንድ እፍኝ ጨመረችላት። ከዚያ እንቁላል ገዛች። ሁልጊዜ ከምትገዛው አንድ አበለጠች።

ምሳ ቀረበ። ወንድሟ ስልኩን እያየ ሩዙን በጣቱ ያድበለብላል፣ ቃሪያው ውስጥ ይነክራል፣ ይውጣል። ማኒቮን የዛሬ ማታ እንግዶች ስንት እንደሆኑ ተናገረች፤ ከመካከላቸው አንዱ ሥጋ እንደማይበላም ተናገረች። ቡዋካም ለራሷ የያዘችውን ጨርሳ የሁሉንም ሰሃን ሰበሰበች። የሰሃን ድምፅ ብቻ ነበር። እንዲህ ነው የሚበሉት፤ ተጣልተው አያውቁም፣ የሚያጣላ ነገር ተነሥቶ ስለማያውቅ።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀመጠች። ፀሐዩ ከናም ካን ወንዝ ላይ እየተንጸባረቀ ጣሪያው ላይ ይርመሰመሳል። የሙዝ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ ሰንጥቃ፣ እያጠፈች በቀርከሃ እሾህ ትወጋዋለች። እጇ ብቻውን ይሠራል። አንዱ እጥፍ በሌላው ላይ፣ ሌላው በሌላው ላይ፣ ቆቡ ወደ ላይ እየቀጠነ ይወጣል። ዛሬ ግን ሦስት ጊዜ ያህል ፈታ ደገመችው፤ እናቷ ታደርገው እንደነበረው ጥግ ጥጉን ወደ ውስጥ አስገብታ። ይህን አሠራር ትታው ነበር፣ ጊዜ ይበላል። አበባው ሲሰካ ትሪው ሁሉ ቢጫ በቢጫ ሆነ።

ቶንሳይ መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሲጋራ አወጣ፣ አላቀጣጠለውም።

«እቴ፣ ማኒቮን ያለችውን ሰምተሻል መሰለኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ለክፋት አይደለም። ወገብሽንም ያምሻል ብላ ነው። በየማታው መንበርከክ…»

«ወገቤን አያመኝም።»

«እንግዲህ ሥራ ነው፣ ታውቂዋለሽ።» ሲጋራውን በጣቶቹ መካከል አዞረው። «አበባውስ ዛሬ አማረብሽ። ተወደደ እንዴ?»

ቡዋካም እሾሁን ከከንፈሯ መካከል አውጥታ ቅጠሉ ላይ ሰካችው። ለስንት ዓመት አፏ ላይ የቆየውን ነገር፣ ልክ ጨው አቀብለኝ እንደማለት አድርጋ ጠየቀችው።

«ቶንሳይ፣ ነገ ያልከኝን ታስታውሳለህ?»

«የትኛውን ነገ?»

ፊቱን አየችው። አላስመሰለም። በእርግጥ አያውቅም፤ ገበያ ልኳት እንደሆነ፣ ጣሪያ ሊያስጠግን ቃል ገብቶ እንደሆነ እያሰበ ዓይኑ ይንከራተታል። ይህን ሁሉ ዘመን እያወቀ ዝም ያለ ነበር የመሰላት። ያኔ ትሪውን ሲወስድም ኋላም የሚከብደው፣ እንቅልፍ የሚነሣው ነበር የመሰላት። ለካ እሷ ብቻዋን ነበረች የተሸከመችው። «ይሁን፣ ተወው» አለችና ክሮቹን ማንጠልጠል ጀመረች። እሱም ሲጋራውን ሳያቀጣጥል ተነሥቶ ሄደ።

ሚኒባሱ ሲደርስ መሸት ብሎ ነበር፤ የገዳሙ ከበሮ ቆሟል። እንግዶቹ ጫማቸውን ደረጃው ስር አውልቀው እየተጋፉ ገቡ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከነሚስቱ፣ ሁለት የኮሪያ ልጃገረዶች፣ አባትና እናት ከትልልቅ ልጆቻቸው ጋር። ጉልበታቸውን እንዴት እንደሚያጥፉ ግራ ገብቷቸው እየሳቁ ትሪውን ከብበው ተቀመጡ። አባባ ፔንግ በቦታቸው ናቸው። ማኒቮን የሐር ቀሚሷን ለብሳ በአስጎብኚው ጎን ቆማለች። ቶንሳይ እንደ ባለቤት ወገቡን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። በዚህ ሰዓት ቡዋካም የሥራውን ሐር ለብሳ፣ ከአባባ ፔንግ በስተጀርባ ከሚያስሩት ጋር ተንበርክካ መገኘት ነበረባት። አልነበረችም። ማኒቮን በዓይኗ ፈለገቻት፣ ወጥ ቤቱን አየች፣ አጣቻት።

ቡዋካም ገላዋን ታጥባ በጓዳው በኩል መጣች። የለበሰችው የእናቷን ጥቁር ሰማያዊ የጥጥ ቀሚስ ነው፤ ነጩን ሻሽ በትከሻዋ አጣፍታዋለች። እጇ ላይ ነፍሱ የሚጠራለት ሰው የሚይዘው የተቀቀለ እንቁላል አለ። ወደሚያስሩት ወገን አልሄደችም። እንግዶቹን ዞራ፣ በሽማግሌው ሚስትና በአንዷ ልጃገረድ መካከል ቆመች። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ገለል አለችላት። ቡዋካም ተቀመጠች፣ እግሯን ወደ ጎን አጠፈች፣ አንድ እጇን የትሪው ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

«እቴ» አለ ቶንሳይ፣ እየሳቀ፣ ለእንግዶቹ ብሎ። «ምንድን ነው?»

«ተቀምጫለሁ።»

«ቦታው እኮ የእንግዶቹ ነው።»

«ይቀመጡ። ማን ተነሡ አላቸው? ትሪው ለሁላችንም ይበቃል።»

አስጎብኚው ምን ተባለ ሲሉት፣ የቤቱ እመቤት ናቸው፣ ዛሬ አብረዋችሁ ሊሆኑ ነው አለ። እንግዶቹ በጣም ደስ አላቸው። አንዷ ልጃገረድ ፎቶ አነሣቻት። ማኒቮን በጥርሷ መካከል «ቶንሳይ፣ አስነሣት» ስትል ተሰማ፤ ሰው ፊት ግን እንዴት አድርጎ ያስነሣታል? አባባ ፔንግ በዚያ ሁሉ ሲያዩዋት ነበር።

«ማንን ልጥራ?» አሏት።

«ስሜን ያውቁታል። የት የት እንደቀረሁም ያውቃሉ። ረጅሙን ይጥሩልኝ።»

አባባ ፔንግ መዳፋቸውን አጋጥመው ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ልክ እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ከዚያ ግን ሁልጊዜ የሚያቆሙበትን አልፈው ሄዱ። ድምፃቸው ከደረታቸው ሳይሆን ከዚያ በታች ከሆነ ቦታ ይወጣል። ቡዋካም ሆይ ነይ አሉ። ከሆስፒታሉ ደረጃ ተነሺ፣ ብረት አልጋው ላይ አትተኚ፣ ነጭ ልብስ የለበሱትን አትከተያቸው። ከአውቶቡሱ መስኮት ውረጂ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ከጭጋጉ ነይ። ከእናትሽ መቃብር አጠገብ የቀረሽም አንቺ ነይ። ሩዙ በስሏል፣ አበባው ተሰክቷል፣ ቤትሽ በሩ ክፍት ነው፣ ነይ። አስጎብኚው ሰዓቱን አየ፤ ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ አጭሩን» አላቸው። አልሰሙትም፣ ወይም ሰምተው አለፉት። ከልጆቹ አንዱ እግሩን ዘረጋ። ልጃገረዶቹ ስልካቸውን አወረዱ። የጎናችሁን ሰው ንኩ ተብለው ስለነበር የሽማግሌው ሚስት እጅ ቡዋካም ትከሻ ላይ እንዳለ ነው፤ ክብደቱ ይታወቃታል። ነፍሷ መጥታ እንደሆነ ለማወቅ ውስጧን አዳመጠች። ምንም የተለየ ነገር የለም። ቢሆንም አልተነሣችም።

ጥሪው አለቀ። ቡዋካም እንቁላሉን በቀኝ መዳፏ ይዛ፣ በግራዋ ክንዷን ደግፋ፣ አንጓዋን ወደ ላይ አድርጋ ዘረጋችው። የሚያስር ሰው አልተነሣም። ማኒቮን አልተንቀሳቀሰችም። አባባ ፔንግ ከትሪው አንድ ክር መዘዙና ለእሷ ሳይሆን ለቶንሳይ አቀበሉት። ቶንሳይ ክሩን ያዘ፣ ሚስቱን አየ፣ አስጎብኚውን አየ፣ ከዚያ በጉልበቱ እየዳኸ መጥቶ እህቱ ፊት ተቀመጠ። በክሩ ጫፍ እጇን ወደ ውጭ ጠረገ፣ ክፉው ይሂድ ብሎ፤ ወደ ውስጥ ጠረገ፣ መልካሙ ይግባ ብሎ። አንጓዋ ላይ ጠምጥሞ ቋጠረው። ግንባሩ አልቦታል። በየማታው ለእንግዶች የሚለውን አለ።

«ጉዞዎ የተቃና ይሁን። በሰላም ወደ አገርዎ ይግቡ።»

አባባ ፔንግ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቶንሳይ ምን እንዳለ የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ጣቱ ቋጠሮው ላይ እንዳለ ደረቀ።

«አገሬ ይሄው ነው» አለች ቡዋካም። «እቤቴ ተቀምጫለሁ፣ የምን ጉዞ? በል እንደገና።»

«ልፍታው?» አለ በትንሽ ድምፅ።

«በዕለቱ አይፈታም፣ ታውቃለህ። ሌላ ክር አምጣ። እናታችን ስታስር የምትለውን ቃል በል።»

«እቴ… እኔ እኮ ረስቼዋለሁ።»

«አስታውስ። እጠብቃለሁ።»

ከወጥ ቤት የራቱ ሽታ ይመጣል። እንግዶቹ ይሄም የሥርዓቱ ክፍል ነው ብለው በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ቶንሳይ ወደ ትሪው ተንጠራርቶ አዲስ ክር መዘዘ፣ በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት እያየ ቀረ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ቡዋካም ክንዷ መዛል ጀምሯል። እንቁላሉ መዳፏ ውስጥ ገና ሙቅ ነው። እጇን አልመለሰችም።